የሠራተኛዋ ክፍል በማን ሚዛን ይመዘናል?

በኩዌት ከተማ የባሕር ዳርቻ የቆሙት ሦስት ማማዎች የአንድ ምርጫ ውጤት ናቸው። ስዊድናዊው አርክቴክት ሱኔ ሊንድስትሮም ለከተማዋ የውሃ አገልግሎት በአምስት ሥፍራዎች 31 እንጉዳይ መሰል ማማዎችን ነድፎ ነበር። ለስድስተኛው ሥፍራ ግን አሚሩ የላቀ ግርማ ያለው ንድፍ በመሻታቸው አሥር ሐሳቦች ተዘጋጁ፤ ከእነዚህም ሦስቱ ቀረቡላቸው፤ የዴንማርካዊቷ የማሌኔ ቢዮርን ንድፍም ተመረጠ። ውሃ የማጠራቀሙ ተግባር ያው ሆኖ ሳለ ለውበት የተሰጠው ክብደት በመጨመሩ መልሱ ሌላ ሆነ።

የውሳኔ ሒሳብ የሚባለው ዕውቀት ይህን ክብደት በቁጥር ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ1926 በሞሱል የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ቶማስ ሳቲ በ1970ዎቹ ባዳበረው ዘዴ መመዘኛዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይነጻጸራሉ፤ የአንዱ ብልጫም ከ1 እስከ 9 ባለው መለኪያ ይገለጻል።

ጉዳዩ እኛን የሚመለከተው በሐዋሊ ግዛት፣ በሰልዋና በባያን ባሉት ቪላዎች ነው። በአዲስ አበባ «ሰርቪስ» የምንለው የሠራተኛ ክፍል በዚህ አገር ብዙውን ጊዜ ሰገነት ላይ ይሠራል። ለምሳሌ ያህል፣ ባለቤቱ ለወጪ 0.6፣ ለሙቀት 0.2፣ ለገመና 0.2 ክብደት ሰጠ እንበል። የሰገነቱ ክፍል በወጪ 9፣ በሙቀት 2፣ በገመና 8 ነጥብ ቢያገኝ ድምሩ 7.4 ይሆናል። በምድር ቤት ወደ ሰሜን የዞረው ክፍል 5፣ 8 እና 6 አግኝቶ በ5.8 ይሸነፋል። ለወጪ 0.3፣ ለሙቀት 0.5 ቢሰጥ ግን ሰገነቱ ወደ 5.3 ወርዶ የምድር ቤቱ 6.7 ይደርሳል። ነጥቦቹ አልተነኩም፤ የተለወጠው ክብደቱ ብቻ ነው። ክብደቱን የሚወስኑት ደግሞ ባለቤቱና አርክቴክቱ ናቸው፤ በክፍሉ የምታድረው እኅታችን በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አልተቀመጠችም።

ከዚህም አልፎ፣ የነጥብ ድምር ራሱ አደገኛ ጠባይ አለው፤ የአንዱን ጉድለት በሌላው ትርፍ ይሸፍናል። በኩዌት ሚትሪባህ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 53.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቧል። ቀኑን ሙሉ የጋለ የኮንክሪት ጣሪያ ሌሊቱን ሙቀቱን ሲተፋ ያድራል። «ማቀዝቀዣ አለ» ይባል ይሆናል፤ ማቀዝቀዣው በተበላሸበት ሌሊት የሚሆነውን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ስለሆነም የክፍሉ ሙቀት ከወጪ ጋር የሚደራደር መመዘኛ ሳይሆን አስቀድሞ መሟላት ያለበት ወሰን ሊሆን ይገባል፤ ወሰኑን ያላለፈ ንድፍ ወደ ውድድሩ ባይገባ ይመረጣል።

የ2015ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 አሠሪው መኖሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። አርክቴክቶች ለግንባታ ፈቃድ ንድፋቸውን ሲያቀርቡ የተጠቀሙበትን የክብደት ሠንጠረዥ አብረው ቢያያይዙ፣ ለሠራተኛዋ ክፍል ስንት እንደተሰጠ መርማሪው ገና ግድግዳው ሳይቆም ሊያየው ይችላል።