ጤና ለቤተሰብ፦ ከማደንዘዣ በፊት የትንፋሽ ቧንቧን መለካት

ልጁን፣ እናቱን ወይም አባቱን ለቀዶ ሕክምና የሚያስገባ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ቢላውን ነው። የማደንዘዣ ባለሙያውን ግን ከቢላው በፊት የሚያሳስበው ሌላ ጥያቄ አለ። ይህ ሰው ከተኛ በኋላ በምን ይተነፍሳል? የዛሬው ዝግጅታችን የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ነው።

ቱቦው ለምን ያስፈልጋል?

ሙሉ ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው ጡንቻዎቹ ይዝላሉ፤ ምላሱም ወደ ኋላ ተንሸራቶ የአየሩን መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ለከባድ ቀዶ ሕክምና የሚሰጠው ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ደግሞ ትንፋሽን ጨርሶ ያቆማል። ስለዚህ ባለሙያው በአፍ በኩል፣ በድምፅ አውታሮች መካከል አሳልፎ፣ ወደ ትንፋሽ ቧንቧው (ትራኪያ) ቱቦ ያስገባል። ቱቦው አየር ከማድረሱም በላይ ከጨጓራ የሚመለስ ነገር ወደ ሳንባ እንዳይገባ ይከላከላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1037 እ.ኤ.አ. ያረፉት ኢብን ሲና «አል-ቃኑን» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ ጉሮሮው ለታፈነ ሰው ከወርቅ ወይም ከብር የተሠራ ቧንቧ ስለ ማስገባት ጽፈዋል። ለማደንዘዣ ሲባል በአፍ በኩል ቱቦ ያስገባው ግን ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ማኪዊን ሲሆን፣ ጊዜውም 1878 እ.ኤ.አ. ነበር። ማኪዊን ቱቦውን የመራው በጣቱ እየዳሰሰ ነው። ራጅ የተገኘው ከዚያ 17 ዓመት ቆይቶ ነውና የቧንቧውን ስፋት አስቀድሞ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም።

ጥቂት ሚሊ ሜትር ምን ለውጥ ያመጣል?

የአዋቂ ሰው ትራኪያ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ስፋቱም ባመዛኙ ከ1.5 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ነው። የሕፃን ግን እጅግ ጠባብ ነው። እስቲ እናስላው። 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የሕፃን ቧንቧ ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር ቢያብጥ የሚቀረው ስፋት 2 ሚሊ ሜትር ነው። የአየሩ ቀዳዳም ከነበረው ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ያው እብጠት 16 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የአዋቂ ቧንቧ ላይ ቢደርስ ግን ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ክፍት ይቀራል።

ከልኩ በላይ የሆነ ቱቦ የቧንቧውን ግድግዳ ተጭኖ ያቆስላል፤ ቱቦው ከወጣ በኋላ ልጁ እየጮኸ እንዲተነፍስ፣ አልፎ አልፎም ቁስሉ ጠባሳ ሆኖ ቧንቧው እንዲጠብ ያደርጋል። ከልኩ ያነሰ ደግሞ አየር ያሾልካል፤ በቂ ትንፋሽም አያደርስም።

ባለሙያዎች ለብዙ ዓመታት የተጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። የልጁን ዕድሜ ለ4 አካፍሎ 4 መደመር ነው። በዚህ መሠረት ለ4 ዓመት ልጅ 5 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው፣ ፊኛ የሌለው ቱቦ ይዘጋጃል። ነገር ግን እኩያ የሆኑ ሁለት ልጆች እኩል አካል እንደሌላቸው ማንኛዋም እናት ታውቃለች።

የምስል መሣሪያዎቹ

አልትራሳውንድ፦ ነፍሰ ጡሮች የሚታዩበት ዓይነት መሣሪያ ነው። አንገት ላይ ሲደረግ የቧንቧውን የግራና የቀኝ ዳር ያሳያል፤ መካከሉም ይለካል። በ2010 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት ለሕፃናት የሚሆነውን ቱቦ በመምረጥ ረገድ በዕድሜና በቁመት ላይ ከተመሠረተው ስሌት በልጦ ተገኝቷል። ጨረር የለውም፤ አልጋው አጠገብም ይሠራል። ባለሙያው ልብ የሚለው ነገር ቢኖር ቱቦው ላይ የሚጻፈው ቁጥር የውስጡ ስፋት መሆኑን ነው፤ ምስሉ ላይ ከተለካው ጋር የሚመዛዘነው ግን የቱቦው የውጭ ስፋት ነው።

ራጅ፦ ቧንቧው ወደ ጎን መገፋቱንና መጥበቡን ሊያሳይ ይችላል። ለሳንባ ቀዶ ሕክምና የሚያገለግለውን ባለ ሁለት ቀዳዳ ቱቦ መጠን ለመምረጥም ይረዳል።

ሲቲ ስካን፦ አንገትንና ደረትን በስስ ንጣፎች ከፋፍሎ ያሳያል። በጣም የጠበበው ቦታ የት እንዳለ፣ ስፋቱ ስንት እንደሆነና ጥበቱ ምን ያህል እንደሚረዝም ከዚህ ይታወቃል። ጨረር ስላለውና ዋጋውም ስለሚከብድ ያለ ምክንያት አይታዘዝም።

ማን ያስፈልገዋል?

አብዛኛው ታካሚ አያስፈልገውም። ባለሙያው አፍ አስከፍቶ፣ አንገት ዳስሶ፣ ትንፋሽ አዳምጦ ይበቃዋል። በተለይ የሚታሰብላቸው ትልቅ እንቅርት ያለባቸው፣ በአንገት ወይም በደረት እብጠት ያለባቸው፣ ቀደም ሲል በመተንፈሻ መሣሪያ ረዥም ጊዜ የቆዩ፣ ከተወለዱ ጀምሮም የአየር መንገድ ችግር ያለባቸው ሕፃናት ናቸው።

እንቅርት ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በደጋው የአዮዲን እጥረት ለብዙ ዘመን ኖሯል፤ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝዘው ደንብ የወጣውም በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ለዓመታት ያደገ እንቅርት ቧንቧውን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ያጠበዋልም። አንዳንዱም ከደረት አጥንት ሥር ይወርዳልና ከውጭ ትንሽ መስሎ ይታያል። ሲቲ ስካን እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ባለሙያው ቀጭን ቱቦ ያዘጋጃል፣ ጫፉም ከጠበበው ቦታ አልፎ እንዲያርፍ ያስባል።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ በሽተኛው በጀርባው ሲተኛ የሚታፈን ከሆነ፣ በትራስ ተደግፎ የሚያድር ከሆነ፣ ትንፋሹ የሚጮህ ወይም ድምፁ የተለወጠ ከሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ። እንዲህ ያለው ሰው ለሲቲ ስካን በጀርባው ሲተኛም ሊቸገር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ከዚህ በፊት ማደንዘዣ ወስዶ «ቱቦው አስቸግሮ ነበር» ከተባለ አትርሱት። የቀድሞ ራጅና የሕክምና ወረቀት ካለ ይዛችሁ ሂዱ። የሚነቃነቅ ጥርስ ካለም አመልክቱ።

ሦስተኛ፣ አንገት ሳይታይ ምርመራው የተሟላ አይሆንም። እኅቶች ሴት ባለሙያ ወይም መጋረጃ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጺም ያላቸው ወንድሞችም የአየር ጭምብሉ በደንብ ላይገጥም ስለሚችል አስቀድመው ይነጋገሩበት።

አራተኛ፣ «ሲቲ ስካን ለምን ታዘዘ?» ወይም «ለምን አልታዘዘም?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ምስል የአንድ ቅጽበት መረጃ ነው እንጂ የባለሙያውን ዓይንና እጅ አይተካም። ልኩን ያወቀ ባለሙያም ቢሆን ከመረጠው ቱቦ ጎን አንድ ቁጥር ከፍ ያለና አንድ ቁጥር ዝቅ ያለ ያስቀምጣል። እናንተም የምታውቁትን ሁሉ ስትነግሩት ዝግጅቱን ታግዛላችሁ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ አላህ ጤናችሁን ይጠብቅ። ወሰላም።