ለይለተል ቀድርን ከመፈለጋችን በፊት እንታረቅ

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም

የረመዳን 20ኛው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ የመጨረሻዎቹ አስር ሌሊቶች ይገባሉ። ከእነርሱ በአንዷ ውስጥ ለይለተል ቀድር አለች። አላህ (ሱ.ወ) በስሟ አንድ ሙሉ ሱራ አውርዶላታል። በዚህ አምስት አንቀጾች ባሉት አጭር ሱራ ቁርኣን የወረደባት፣ ከአንድ ሺህ ወር የምትበልጥ፣ መላእክትና ጂብሪል በጌታቸው ፈቃድ የሚወርዱባት፣ ጎህ እስኪቀድም ድረስ ሰላም የሆነች ሌሊት መሆኗን ነግሮናል። አንድ ሺህ ወር 83 ዓመት ከ4 ወር ነው። አብዛኞቻችን ይህን ያህል ዕድሜ አንኖርም። አላህ ግን ዕድሜ ልክ ተሰግዶ የማይደረስበትን አጅር በአንዲት ሌሊት አስቀምጦልናል።

ይህች ሌሊት የትኛዋ እንደሆነች ለምን አልተነገረንም? ዑባዳ ኢብኑ ሷሚት (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ቡኻሪ የዘገቡት ሐዲስ መልስ ይሰጠናል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሌሊቷን ለሶሐቦች ሊነግሩ ከቤታቸው ወጡ። በዚያው ሰዓት ሁለት ሙስሊሞች ይጨቃጨቁ ነበር። በጭቅጭቃቸው ሳቢያ የሌሊቷ ዕውቀት ተነሳ። ነብዩም ምናልባት ይህ ለእናንተ መልካም ሊሆን ይችላል ብለው፣ በመጨረሻዎቹ ሌሊቶች እንድንፈልጋት አዘዙን። መደበቋ በእርግጥም በአንዲት ሌሊት ፋንታ በብዙ ሌሊቶች እንድንቆም አድርጎናል። መነሻው ግን የሁለት ሰዎች ጠብ እንደነበር መዘንጋት የለብንም። በሐዲሱ ደም ስለመፍሰሱ ወይም ሰይፍ ስለመመዘዙ አልተነገረም። የተጣሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የቀረበት ግን መላው ኡማ ነው።

እኛስ ዘንድሮ ወደነዚህ ሌሊቶች የምንገባው እንዴት ሆነን ነው? በአንድ መስጊድ ጣሪያ ስር ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ሰግደን፣ ካሰላመትን በኋላ ፊት የምንዟዟር ጥቂቶች አይደለንም። አንዱ ከወንድሙ ጋር የተኳረፈው ተራዊህ ስምንት ነው ሃያ በሚል ክርክር ነው። ሌላው በመዋጮ ሂሳብ ተጠራጥሮ ቀርቷል። በ2004 ከአወሊያ በተነሳው ሰላማዊ ጥያቄያችን ዙሪያ የተወረወሩ ቃላትም አሉ። ጁምዓ ላይ ያልታየውን ወንድማችንን ምክንያቱን ሳንጠይቅ «ፈሪ» አልነው። እርሱም በአጸፋው «ችኩሎች» አለን። ነገሩ ካለፈ ዓመታት ቢቆጠሩም ቃሉ በልባችን ውስጥ አለ። ሊከፋፍለን የሚሻ ወገን ከዚህ የተሻለ ረዳት አያገኝም። እርሱ በብዙ ድካም ያልቻለውን እኛ በኩርፊያችን ሰርተን እናስረክበዋለን።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ለይለተል ቀድርን ባገኝ ምን ልበል ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሯቸው ዱዓ ስለ ሀብትም ስለ ድልም አልነበረም። አላህን ይቅር ባይነቱንና ይቅርታን መውደዱን ጠቅሰው ይቅርታውን እንዲለምኑ ነው ያስተማሯቸው። ለወንድሙ ይቅር ማለት ያቃተው ሰው ይህን ዱዓ በምን አንደበቱ ይደጋግመዋል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ይቅር በሉ ስንል መብታችሁን ተዉ ማለታችን አይደለም። ወንድሜ በእኔ ላይ የተናገረው ክፉ ቃል የእኔ ሐቅ ነው፤ ለአላህ ብዬ ልተወው እችላለሁ። ሃይማኖታችንን ያለ ጣልቃ ገብነት የመከተል፣ መሪዎቻችንን በመስጊዶቻችን ራሳችን የመምረጥ ጥያቄ ግን የሕዝበ ሙስሊሙ ሐቅ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 እና 27 ያረጋገጡትን የሕዝብ ሐቅ ማንም ግለሰብ በስማችን ይቅር ሊለው አይችልም። በመካከላችን ለስላሶች፣ በጥያቄያችን ደግሞ ጽኑዎች መሆን እንችላለን። ለይለተል ቀድር በአላህ ቃል ሰላም የተባለች ሌሊት ናት። ትግላችንም ሰላማዊ ነው ካልን፣ ሰላሙ ከራሳችን ሰፍ መጀመር ይኖርበታል።

ስለ አፈላለጓም ጥቂት እንበል። በብዙ መስጊዶቻችን 27ኛዋ ሌሊት ስትደርስ ቦታ ይጠባል፤ በማግስቱ ግን ከኋላ ያሉት ሰፎች ባዶ ናቸው። እርግጥ ነው፣ ኡበይ ኢብኑ ከዕብ (ረ.ዐ) 27ኛዋ መሆኗን በመሐላ ይናገሩ ነበር። አቡ ሰዒድ አል ኹድሪ (ረ.ዐ) ደግሞ በ21ኛው ሌሊት ዝናብ ዘንቦ፣ ከዘንባባ ዝንጣፊ የተሰራው የመስጊዱ ጣሪያ አፍስሶ፣ ንጋት ላይ በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግንባር ላይ የውሃና የጭቃ ምልክት ማየታቸውን ተናግረዋል፤ ይህም ስለ ሌሊቷ የተነገራቸው ምልክት ነበር። ስለዚህ አስሩንም፣ በተለይም ጎዶሎዎቹን ሌሊቶች አጥብቀን እንያዝ። ሌሊት በእስልምና ከቀኑ እንደሚቀድምም አንርሳ፤ 27ኛዋ ሌሊት የምትገባው በ26ኛው ቀን መግሪብ ነው።  ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጭቃ ላይ ሱጁድ ወርደዋልና ዝናብ ቢዘንብ እንኳ ምክንያት አይሁነን።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእነዚህ ሌሊቶች ቤተሰቦቻቸውንም ይቀሰቅሱ ነበር። አባቶች ብቻችሁን አትውጡ፤ ሚስቶቻችሁንና ልጆቻችሁን ቀስቅሱ። ሱሁር ስታዘጋጅ የምታመሸው እናት ዱዓ የምታደርግበት ጊዜ እንድታገኝ ሥራውን አግዟት። በወር አበባ ምክንያት የማትሰግድ እህት ዚክሩም ዱዓውም ክፍት ነው። ለጥበቃ፣ ለሆስፒታል ተረኝነት ወይም ለሹፍርና ሌሊቱን ውጪ የሚያሳልፉ ወንድሞች፣ በዓረብ አገር በሰው ቤት ሥራ ላይ ያሉ እህቶችም ተስፋ አይቁረጡ። ዒሻእንና ሱብሒን በጀማዓ የሰገደ ሰው ሌሊቱን ሙሉ እንደቆመ እንደሚጻፍለት ሙስሊም ዘግበዋል። ጀማዓ ያልተመቸው ደግሞ ባለበት ሆኖ በምላሱ አላህን ያውሳ።

የታሰሩትንም አንርሳቸው። በ2004 ክረምት ወኪሎቻችን ከታሰሩ በኋላ፣ እስኪፈቱ ድረስ ረመዳን በመጣ ቁጥር በኢፍጣር ማዕድ ዙሪያ ባዶ ቦታ የነበራቸው ቤቶች ነበሩ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መካ ውስጥ በግፍ ተይዘው የቀሩትን ወሊድ ኢብኑ ወሊድን፣ ሰለማ ኢብኑ ሂሻምንና ዓያሽ ኢብኑ አቢ ረቢዓን በሶላታቸው ውስጥ በስም እየጠሩ ነጻ እንዲወጡ ዱዓ ያደርጉላቸው ነበር። እኛም በዊትር ቁኑታችን ወንድምና እህቶቻችንን በስማቸው እንጥራቸው። ዱዓችንም ከእጃችን ጋር ይሁን። በየሰፈራችን የታሰረ ሰው ቤተሰብ ካለ ቤት ኪራዩንና የልጆቹን የዒድ ልብስ ጉዳይ ጎረቤት ይወቅ። ዘካተል ፊጥርም ከዒድ ሶላት በፊት ለሚገባቸው ይድረስ።

ውድ ወንድምና እህቶች! የ20ኛው ቀን መግሪብ ከመድረሱ በፊት የተኳረፋችሁትን ሰው ፈልጉ። ስልኩ ካላችሁ ደውሉ፣ ቤቱን ካወቃችሁ ሂዱ፣ በመስጊድ ካገኛችሁት ሰላምታውን እናንተ ጀምሩ። ኢማሞችና የመስጊድ ኮሚቴዎች ደግሞ በጀማዓው መካከል የሚያውቁትን ጠብ ሽማግሌ አስቀምጠው ይፍቱ። በሁለት ሰዎች ጭቅጭቅ ዕውቀቷ የተነሳብንን ሌሊት፣ ተጨቃጭቀን ሳይሆን ተስማምተን እንፈልጋት።

አላህ (ሱ.ወ) ለይለተል ቀድርን ይወፍቀን፣ ልቦቻችንን ያስተሳስርልን፣ የታሰሩትን ያስፈታልን። አሚን።

አላሁ አክበር!