የዛፎቻችን ስም

በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ቤት በቤት ላይ ሲደራረብ እያየ የሚያድግ ልጅ፥ «እንደ ኮሶ መረረኝ» ሲባል ይሰማል እንጂ የኮሶን ዛፍ ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ክቡራን አንባብያን ለልጆቻቸው ያወጉት ዘንድ የአንድ መንገደኛ ታሪክ እነሆ።

የስኮትላንዱ ተወላጅ ጀምስ ብሩስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1769 ዓ.ም. በምጽዋ ገብቶ በ1770 ዓ.ም. በየካቲት ወር ጐንደር ደረሰ። በዚያን ጊዜ በቍስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና፥ ብሩስ የተዘጋውን በርና መስኮት አስከፍቶ፥ ቤቱን በዕጣን አሳጥኖ ሕፃናቱን አስታመመ፤ ስለዚህም ሞገስ አገኘ።

ነገር ግን ከሰጠው ይልቅ ከአገራችን ሰዎች የተማረው ይበልጣል። ኮሶ በየቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ከጥድ ጋራ ለሕዝቡ ጥቅም እንደሚተከል፥ የደረቀው አበባውም በመጠጥ ተዘፍዝፎ ለትል መድኃኒት እንደሚሆን ጻፈ። ዋጊኖስ የሚባለውም ተክል ለተቅማጥ መድኃኒት መሆኑን መዘገበ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ሊታሰብ ይገባዋል። ዋጊኖስን የአውሮፓ ሊቃውንት በ1779 ዓ.ም. በብሩስ ስም «ብሩሴያ» አሉት። ኮሶንም ብሩስ ራሱ በ1790 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ በእንግሊዙ ሊቅ በጆሴፍ ባንክስ ስም ጠራው፤ ይህ ስም ግን ስላልጸና፥ ዛሬ በጀርመኑ ሊቅ በሀገን ስም «ሀገንያ አቢሲኒካ» ይባላል። ከተክሎቹ ሥዕል ብዙውን የሣለው ኢጣልያዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ በጐንደር ሞቶ ቀረ፤ ብሩስም የርሱን ድካም ሸሸገበት። መድኃኒቱን ያስተማሩት ያገራችን አዋቂዎች ስም ደግሞ በአንዱም ተክል ላይ አልዋለም።

ሆኖም ብሩስን መውቀስ ብቻ አይበቃም፤ ያየውን ስለ ጻፈ እኛም ዛሬ እናነበዋለን። የአባቶቻችን የመድኃኒት ዕውቀት ግን ብዙው በምስጢር ተይዞ ከባለቤቱ ጋራ ተቀበረ። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» መባሉ ለዚህ ነው።

እንግዲህ አያት ያሉበት ቤት ሁሉ ገና ጊዜ አለው። ልጆች የዛፉን ስም፥ የሚበቅልበትን ስፍራ፥ ጥቅሙንና ጕዳቱን ጠይቀው በደብተር ይጻፉ፤ የነገራቸውንም ሰው ስም በራሱ ላይ ያስፍሩ። መድኃኒትነቱን መፈተን ግን የሐኪም ሥራ ነው፤ ኮሶ መጠኑ ሲያልፍ ይጐዳልና። የልጆች ድርሻ መጻፍ ነው፤ የወላጆችም ድርሻ ደብተሩን ገዝቶ ከአያት አጠገብ ማስቀመጥ ነው።