ኩላሊታችን በቆዳችን ቀለም አይፈረድበት

በፔታ ቲክቫ፣ በኪርያት ማታሎን ፋብሪካዎችና ቢሮዎች ውስጥ ሌሊት የሚያጸዱ፣ ዕቃ የሚያሽጉና በር የሚጠብቁ ወገኖቻችን አሉ። ወገባቸውን ሲያማቸው «ኩላሊቴን አመመኝ» ይላሉ። አነጋገሩ ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ነው፤ ሆኖም የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻ ነው። የኩላሊት ማጣሪያ ሲበላሽ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አያምም። ጠዋት የዓይን ሥር ያብጣል፣ ማታ ጫማ ይጠባል፣ የሽንቱ አረፋ ቶሎ አይጠፋም። ሰውየው ይህን ሁሉ በቁም ሥራ ያመካኛል። በኋላ ደሙ ይመረመርና ሐኪሙ «ቢዮፕሲያ እንሥራ» ሲል ቤተሰቡ ይደነግጣል፤ እምቢ የሚሉም አሉ።

ፍርሃቱ ከየት እንደ መጣ እናውቃለን። በጥር ወር 1996 እ.ኤ.አ. ማጌን ዳቪድ አዶም የማኅበረሰባችንን ደም እየተቀበለ፣ ለሰጪዎቹ ሳይናገር ሲያስወግድ መኖሩን «ማዓሪቭ» ጋዜጣ ገለጠ። በዚያው ወር በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጡ። ስለዚህ «የወሰዱትን ምን ያደርጉታል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጠያቂውን አላዋቂ የሚያደርግ ሐኪም ካለ የሚያፍረው ሐኪሙ ነው። መልሱን ግን ማወቅ ይገባናል።

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ፣ ቦታውን አደንዝዞ፣ ክር የሚያህል ሥጋ በመርፌ ይወስዳል። ዋናው አደጋ መድማት ነው፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ ከዚያም በኋላ ለሰዓታት ተኝቶ ይጠበቃል። ሥጋው ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ይሄዳል። ከፊሉ በሰም ውስጥ ገብቶ፣ ከጸጉር በቀጠነ ተቆርጦ፣ በመስታወት ላይ ይለጠፍና ይቀለማል። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ግሎሜሩሉስ የሚባሉ ማጣሪያዎች አሉ፤ እያንዳንዱ እንደ ክር ኳስ የተጠቀለለ ቀጭን የደም ሥር ነው። ፓቶሎጂስቱ ከእነዚህ ጥቂቶቹን በሦስት መንገድ ያያል፦ በተራ ማይክሮስኮፕ፣ የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን የት እንደ ተከማቸ በሚያበራ ቀለም፣ እንዲሁም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? እብጠቱ አንድ ሆኖ ሳለ በሽታው ብዙ ስለሆነ ነው። በተራ ማይክሮስኮፕ ጤነኛ የሚመስል፣ በኤሌክትሮኑ ሲታይ ግን የማጣሪያው ሴሎች እግር ተለጥፎ የሚገኝ በሽታ አለ፤ በልጆች ላይ ይበዛል፣ አብዛኞቹም በኮርቲዞን ይድናሉ። (በልጆች ሐኪሞች ብዙ ጊዜ መርፌውን ትተው መድኃኒቱን ቀድመው ይሞክራሉ።) ሌላው ሰው ደግሞ እንዲሁ አብጦ ይመጣል፤ በመስታወቱ ላይ ግን የማጣሪያው ግድግዳ ወፍሮ ይታያል፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ከኢትዮጵያ ይዘነው የመጣነው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ለዚህኛው ቫይረሱን የሚያዳክም መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ኮርቲዞን ብቻውን ቫይረሱን ሊያነሣሣው ይችላል። በሦስተኛው ላይ የሚገኘው የስኳር በሽታ ጠባሳ ነው። መስታወቱ ካልታየ ሦስቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ክኒን ይዘው ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ይችላሉ።

የእጢ ነገር ይለያል። በሲቲ የሚታይ የኩላሊት እጢ ሁሉ ነቀርሳ አይደለም፤ ኦንኮሳይቶማ የሚባለውና ከስብ፣ ከጡንቻና ከደም ሥር የሚሠራው ሌላው ዓይነት ክፉዎች አይደሉም። በአዋቂዎች የሚበዛው የኩላሊት ነቀርሳ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሴሎቹ እንደ ውኃ የጠሩ ናቸው፤ በውስጣቸው የነበረው ስብና ስኳር መስታወቱ ሲዘጋጅ ታጥቦ ስለሚወጣ ነው። ብዙ ጊዜ ያለ መርፌ በቀጥታ ይቀደዳል፣ ስሙም የሚታወቀው ከወጣ በኋላ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበን እንምጣ። «በጥቁሮች ላይ የኩላሊት ሕመም ይበዛል» የሚል ጽሑፍ በሐኪሞች መጻሕፍት አለ። የተጻፈው በአሜሪካ ነው፤ እኛንም አይቶ አይደለም። በ2010 ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም መካከል በዚያን ጊዜ በሃይፋ ይሠሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ካርል ስኮሬስኪና ባልደረቦቻቸው፣ ከዚያ አደጋ አብዛኛው አፖ-ኤል-1 ከሚባል ጂን ሁለት ለውጦች እንደሚመጣ አሳዩ። ለውጦቹ በምዕራብ አፍሪካ የበዙት ከእንቅልፍ በሽታ ስለሚከላከሉ ነው፤ ከአባትም ከእናትም የወረሳቸው ሰው ግን ለኩላሊት ሕመም ይጋለጣል። በ2011 ኢትዮጵያውያን ተመርምረው እነዚህ ለውጦች አልተገኙባቸውም። ቆዳ አንድ፣ ጂን ሌላ! በዚያው አገር የኩላሊትን ጉልበት ከደም የሚገምተው የ2009 ቀመር ለጥቁር ሰው ውጤቱን በ1.159 ያበዛ ነበር። የደከመ ኩላሊት ብርቱ መስሎ ስለሚታይ ሰዎች ወደ ንቅለ ተከላ ሰልፍ ዘግይተው ይገቡ ነበር። በ2021 ዘርን የማይጠይቅ ቀመር ወጣ። ስለዚህ «የእናንተ ዘር እንዲህ ነው» የሚል ሐኪም ቢያጋጥማችሁ «የእኔ መስታወት ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ማለት ግን ኩላሊታችን አይታመምም ማለት አይደለም። ስኳርና የደም ግፊት ዘር አይመርጡም፣ ስኳር ደግሞ በዚህ አገር በማኅበረሰባችን ውስጥ ገብቷል።

ሌላው በደል የቋንቋ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርታ ለእናቷ የፓቶሎጂ ውጤት ስታስተረጉም አይተናል። መርዶን በሽማግሌ፣ በጊዜውና በቦታው የሚያረዳ ሕዝብ ልጅ «ነቀርሳ» የሚለውን ቃል እንዴት በአፏ ታውጣው? «ምንም አይደለም አለ» ትላለች። እናትም ቀጠሮውን ትተዋለች። መምህራንን ስናሠለጥን የምንለውን ለሐኪሞችም እንላለን፦ ልጅ አስተርጓሚ አይደለም።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። ደሙ በተጣለበት በዚያው በ1996 የወጣው የበሽተኛ መብት ሕግ በሽተኛው በሚገባው መንገድ እንዲነገረው፣ የፋይሉን ቅጂ እንዲያገኝና ሁለተኛ ሐኪም እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል። ሚስራድ ሃብሪኡት በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት ቋንቋን ተደራሽ እንዲያደርጉ አዟል። መስታወቱና የሰሙ ጡብ በሆስፒታሉ ይቀመጣሉ፤ ሁለተኛ ባለሙያ ያንኑ መስታወት ሊያይ ይችላል፣ እንደገና መወጋት የግድ አይደለም።

በኪርያት ማታሎን ሌሊት የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ የላቦራቶሪው ሰዓት ጠዋት፣ እናንተ ተኝታችሁ ሳለ እንደሆነ እናውቃለን። ሆኖም ስኳር ወይም ግፊት ያለባችሁ በዓመት አንድ ቀን ከሥራ ስትወጡ ሳትተኙ ወደ ኩፓት ሆሊም ግቡ። ሽንታችሁ ለአልቡሚን፣ ደማችሁ ለክሬአቲኒን ይመርመር። ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።