ዋሱ ማን ነበር? የእንግሊዝ ክለቦች በአንድ ውል የከሰሩበት ዓመት

“ያልጠረጠረ ተመነጠረ” ይላል ያገራችን ሰው። ነጋዴ ደግሞ ይህን ተረት ከማንም በላይ ያውቀዋል። ቼክ ሲቀበል በቂ ስንቅ መኖሩን ያጣራል፤ ዱቤ ሲሰጥ ዋስ ይጠራል፤ ቤት ሲያከራይ ቀብድ ይቀበላል። የሚገርመው በ1888 የተቋቋመውና 72 የእንግሊዝና የዌልስ ክለቦችን በሥሩ የያዘው ፉትቦል ሊግ 315 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ ውል ሲፈርም ዋስ አለመጥራቱ ነው። የዚህ አምድ መልእክት አጭር ነው፤ ዋስ የሌለው ዋጋ ዋጋ አይደለም፣ ምኞት ነው።

ነገሩ የደረሰው በ2001–02 የውድድር ዘመን ነው (ዘመኖቹ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ “ቻምፒዮንሺፕ” እየተባለ የሚጠራው፣ ከፕሪሚየር ሊግ ቀጥሎ ያለው እርከን፣ ያን ጊዜ “አንደኛ ዲቪዚዮን” ይባል ነበር። ስሙ አንደኛ ይሁን እንጂ ደረጃው ሁለተኛ ነው። 24 ክለቦች እያንዳንዳቸው 46 ጨዋታ ያደርጋሉ። ሁለቱ በቀጥታ፣ አንዱ በማጣሪያ ወደ ላይ ያልፋሉ፤ ሦስቱ ወደ ታች ይወርዳሉ።

ሜዳው ላይ የታየው

ሜዳውን ብቻ ላየ ሰው ዓመቱ ያማረ ነበር። ማንቸስተር ሲቲ ያኔ የአቡዳቢ ገንዘብ ገና ያልነካው ክለብ ነው። በኬቪን ኪጋን አሰልጣኝነት 108 ጎል አግብቶ በ99 ነጥብ ዋንጫውን ወሰደ። ሾን ጎተር ብቻውን በሊጉ 28 ጎል አስቆጠረ።

ለነጋዴ የበለጠ የሚያስተምረው ግን ሁለተኛ የወጣው ዌስት ብሮምዊች አልቢዮን ነው። ጋሪ ሜግሰን ያሰለጠኑት ይህ ቡድን በ46 ጨዋታ የገባበት 29 ጎል ብቻ ነው። ብዙ በማግባት ሳይሆን ቀዳዳ በመድፈን የሚያተርፍ ሱቅ ዓይነት ነበር። ስምንት ጨዋታ ሲቀር ከጎረቤቱ ከዎልቭስ በ11 ነጥብ ይርቅ ነበር። ያን ሁሉ ርቀት አካክሶ በ89 ነጥብ አለፈ። ዎልቭስ በ86 ነጥብ ሦስተኛ ሆኖ ወደ ማጣሪያው ገባ፤ እዚያም በኖሪች ተረትቶ ቀረ። ኖሪች ደግሞ ግንቦት 12 ቀን ካርዲፍ ላይ በበርሚንግሃም በመለያ ምት ተሸነፈ። የመጨረሻዋን ምት ያገባው ዳረን ካርተር የተባለ የ18 ዓመት ልጅ ነበር። ክሩ፣ ባርንስሊና ስቶክፖርት ወረዱ።

ከዚያ ዓመት አንድ ጨዋታ ልዩ ቦታ አለው። መጋቢት 16 ቀን 2002 ሼፊልድ ዩናይትድ በሜዳው ብራማል ሌን ዌስት ብሮምን አስተናገደ። ከባለሜዳዎቹ ሦስቱ በቀይ ካርድ ተባረሩ፤ ሁለት ተጎድተው ወጡ፤ የቅያሪ ቁጥርም አልቆ ነበር። ሜዳ ላይ ስድስት ሰው ብቻ ቀረ። ሕጉ ከሰባት በታች አይፈቅድምና ዳኛው በ82ኛው ደቂቃ ጨዋታውን አቋረጡት። ውጤቱ 3 ለ 0 ነበር፤ ሊጉም ጨዋታው ይደገም ሳይል ባለበት አጸደቀው።

ሊጉ ለሌሎች ሲፈርድ እንዲህ ቆራጥ ነበር። ከ11 ቀን በኋላ የራሱ ውል ተቋረጠ። በዚያኛው ግን “ውጤቱ ባለበት ይጽና” የሚልለት ዳኛ አላገኘም።

ከ25 ወደ 105፣ ከ105 ወደ 24

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። ሊጉ እስከ 2001 ድረስ የቴሌቪዥን መብቱን ለስካይ ሸጦ ነበር፤ ዋጋው ለአምስት ዓመት 125 ሚሊዮን፣ በዓመት 25 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። በ2000 አዲስ ጨረታ ሲወጣ ኦንዲጂታል የተባለ፣ በኋላ አይቲቪ ዲጂታል ተብሎ የተሰየመ ኩባንያ ለሦስት ዓመት 315 ሚሊዮን ፓውንድ አቀረበ። በዓመት 105 ሚሊዮን ማለት ነው። የትናንቱ ዕቃ በአንድ ሌሊት ከአራት እጥፍ በላይ ዋጋ አወጣ።

ገበያ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ መቆም ነበረበት። ዕቃው አልተለወጠም። ያው የክሩና የስቶክፖርት ጨዋታ ነው። የተለወጠው ገዢው ነው። ገዢው ደግሞ በ1998 ሥራ የጀመረ፣ ከስካይ ጋር ደንበኛ ለመሻማት የሚዳክር፣ የመመልከቻ ካርዶቹ በሐሰት እየተባዙ ገቢው የሚፈስስበት ድርጅት ነበር። ለአዲስ ደንበኞቹ የጦጣ አሻንጉሊት በነፃ ያድል ነበር። ኩባንያው ከሞተ ከዓመታት በኋላ ጦጣው የሻይ ማስታወቂያ ላይ ሥራ አገኘ፤ ከድርጅቱ ንብረት ሁሉ ዕድሜው የረዘመው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ ሊጉ ምን ተማምኖ ፈረመ? የአይቲቪ ዲጂታል ባለቤቶች ካርልተንና ግራናዳ ነበሩ። ሁለቱም ትልልቅ የቴሌቪዥን ኩባንያዎች፣ ስማቸው በአገሩ የታወቀ፣ አክሲዮናቸው በለንደን ገበያ የሚሸጥ ናቸው። ሁሉም ሰው “ከኋላው እነ ካርልተን አሉ” አለ። በመጀመሪያው የጨረታ ሰነድ ላይም ባለአክሲዮኖቹ ክፍያውን እንደሚያረጋግጡ የሚገልጽ ቃል ሰፍሮ ነበር። ነገር ግን ሰነዱ ዝርዝር ውል እስኪፈረም የማያስገድድ ነበር። ዝርዝሩ ውል ሲፈረም ያ ቃል አልተካተተም። ፈራሚው አይቲቪ ዲጂታል ብቻ ሆነ።

በ2002 መጀመሪያ አይቲቪ ዲጂታል ገንዘቡ ማለቁን አሳወቀ። ለቀሪዎቹ ሁለት ዓመታት የሚከፈለው 178 ነጥብ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ኩባንያው 50 ሚሊዮን ብቻ እንክፈልና እንለያይ አለ። ሊጉ ሙሉውን ካልሆነ አልቀበልም ብሎ መለሰ። መጋቢት 27 ቀን ኩባንያው በባለዕዳነት በአስተዳዳሪዎች እጅ ገባ። ሊጉ በዚያው ክረምት መብቱን ለአራት ዓመት በ95 ሚሊዮን ፓውንድ መልሶ ለስካይ ሸጠ። በዓመት 24 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ገበያው ተንሳፍፎ ተንሳፍፎ ከተነሳበት ዋጋ ትንሽ ዝቅ ብሎ አረፈ። የሰማይዋ ላም ወተቷ ሳይታይ ቀረ።

ይሉኝታ መያዣ አይሆንም

ሊጉ ካርልተንንና ግራናዳን ከሶ ወደ 132 ሚሊዮን ፓውንድ ጠየቀ። ነሐሴ 1 ቀን 2002 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሁለቱ ኩባንያዎች ዋስ አልሆኑም ብሎ ፈረደ። ወዲያው የሊጉ ሊቀመንበርና ዋና ሥራ አስኪያጁ ከሥልጣን ለቀቁ። ሊቀመንበሩ ኪት ሃሪስ በሙያቸው የባንክ ሰው ነበሩ። ባንክ ያለ ዋስ እንደማያበድር ለእሳቸው የሚነግራቸው አያስፈልግም ነበር።

ሊጉ በዚህ አልቆመም። ጠበቆቻችን ዋስትና ጠይቁ ብለው አልመከሩንም በማለት የሕግ አማካሪዎቹን ከሰሰ። በ2006 ፍርዱ ወጣ። ፍርድ ቤቱ አብዛኛውን ክስ ውድቅ አድርጎ ለምልክት ያህል ካሳ ፈረደለት። መጠኑ አራት ፓውንድ ነበር። ሚሊዮን የሚለው ቃል ተረስቶ እንዳይመስላችሁ፤ አራት ፓውንድ ነው።

በወቅቱ ብዙ ደጋፊዎች በካርልተንና በግራናዳ ላይ ተቆጥተዋል። ሀብታሞቹ ልጃቸውን ገድለው ከቀብሩ ቀሩ የሚል ወቀሳ ነበር። ይህ ጸሐፊ ግን ቁጣውን ይረዳል እንጂ አይጋራም። ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ ማለት ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ባለቤቱ ከሚያጣው ገንዘብ በላይ አይጠየቅም። ሁለቱ ኩባንያዎችም ከኪሳቸው ብዙ አፍስሰው ከስረዋል። የሞራል ግዴታ ነበረባቸው የሚል ካለ፣ ይሉኝታ መያዣ አይሆንም። ባንክ ይሉኝታን በመያዣነት ተቀብሎ ያበደረበት ጊዜ የለም።

“ዋስትና ቢጠየቅ ኖሮ እነ ካርልተን ይህን ዋጋ መቼ ይሰጡ ነበር?” የሚልም ይኖራል። ልክ ነው፤ ምናልባት አይሰጡም ነበር። ቁም ነገሩም ይኸው ነው። ዋስ ሲጠራ ዋጋው ይወርዳል፤ የወረደው ዋጋ ግን እውነተኛው ዋጋ ነው። ባለሀብት ስሙን ሊያስይዝበት ያልደፈረውን ቁጥር ሻጭ በመዝገቡ ላይ እንደ ገቢ ሊጽፈው አይገባም።

ገንዘቡ ሳይመጣ የወጣው ወጪ

ክለቦቹ የጻፉት ግን እንደ ገቢ ነው። ከሊጉ ገንዘብ የአንበሳውን ድርሻ የሚወስዱት የሁለተኛው እርከን ክለቦች፣ የሦስት ዓመቱን ክፍያ ተማምነው ከተጫዋቾች ጋር የረጅም ጊዜ ደመወዝ ተዋውለዋል። ውሉ ሲፈርስ ገቢው ጠፋ፤ ደመወዙ ግን ቀረ። ብራድፎርድ ሲቲ ገና ፕሪሚየር ሊግ ሳለ ለጣልያናዊው ቤኒቶ ካርቦኔ በሳምንት 40 ሺህ ፓውንድ ይከፍል ነበር። ወርዶም ከዚህ ሸክም ሳይላቀቅ በግንቦት 2002 በአስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ። በጥቅምት ባርንስሊ ተከተለ። በዚያው ወር፣ አዲስ ስታዲየም ሠርቶ ከፕሪሚየር ሊግ የወረደው ሌስተር ሲቲ ወደ 30 ሚሊዮን ፓውንድ ዕዳ ይዞ ተጨመረ። በየካቲት 2003 ኢፕስዊች ታውን ደረሰ።

እዚህ ላይ አቅራቢ ነጋዴዎች ጆሮ ስጡ። በእንግሊዝ እግር ኳስ ደንብ ክለብ ሲከስር ተጫዋቾችና ሌሎች ክለቦች የሚጠይቁት ዕዳ ቅድሚያ አግኝቶ ሙሉ በሙሉ ይከፈላል። ማተሚያ ቤቱና ምግብ አቅራቢው ግን ከተረፈው ጥቂት ሳንቲም ይካፈላሉ። ሌስተር በዚህ መንገድ ዕዳውን አቃሎ በዚያው ውድድር ዘመን ሁለተኛ ወጥቶ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ተመለሰ። ዕዳቸውን በወቅቱ የከፈሉት ተፎካካሪዎቹ አጉረመረሙ። በ2004 ለከሰረ ክለብ 10 ነጥብ የመቀነስ ቅጣት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ቅጣቱ ሕመሙን አላዳነም። በዴሎይት የሂሳብ ጥናት መሠረት የቻምፒዮንሺፕ ክለቦች በ2021–22 ለደመወዝ ያወጡት ከገቢያቸው 108 ከመቶ ነበር። 100 ብር ሸጦ ለሠራተኛ 108 ብር መክፈል ማለት ነው። በዚያው ዓመት ደርቢ ካውንቲ ከስሮ 21 ነጥብ ተቀንሶበት ወረደ። በጥቅምት 2025 ደግሞ ሼፊልድ ዌንስዴይ በአስተዳዳሪዎች እጅ ገብቶ 12 ነጥብ ተቀነሰበት። ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ፕሪሚየር ሊግ ብንገባ የሚመጣውን ገንዘብ ዛሬ መብላት። መንግሥት በ2025 ባወጣው ሕግ ለእግር ኳሱ ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማቋቋሙም ያለ ነገር አይደለም።

ለእኛ ገበያ

ይህ ታሪክ ለአዲስ አበባ ነጋዴ ሩቅ አይደለም። የእንግሊዝ ሕግ ከ1677 ጀምሮ ዋስትና በጽሑፍ ሰፍሮ ካልተፈረመበት አይጸናም ይላል። የእኛም የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ከዚህ አይለይም። በአንቀጽ 1725 የዋስትና ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። በአንቀጽ 1922 ደግሞ ዋስትና በግምት እንደማይኖር፣ በግልጽ መነገር እንዳለበትና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው መጠን መወሰን እንዳለበት ይደነግጋል። እንግዲህ “ድርጅቱ እኮ የእገሌ ነው” የሚለው የመርካቶ ማረጋገጫ በፍርድ ቤት ቦታ የለውም። እገሌ የኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ባለድርሻ ከሆነና በግሉ ካልፈረመ፣ መኪናውና ቪላው ለዕዳችሁ አይደርሱም።

ስለዚህ ከፍተኛ ዋጋ ሰጪ ሲመጣ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛ፣ ፈራሚው ማን ነው? ስሙ የታወቀው ሰው ነው ወይስ ትናንት የተመዘገበ ድርጅት? ሁለተኛ፣ በጨረታው ጊዜ የተነገረው ቃል ሁሉ በመጨረሻው ውል ላይ ሰፍሯል? ሦስተኛ፣ ክፍያው ቢቋረጥ ዛሬ የምገባበትን ወጪ በምን እሸፍናለሁ? ለሦስቱ መልስ ከሌላችሁ ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው፣ ግን ቀብድ ይዞ ዋስ አቁሞ የመጣው ገዢ ይሻላችኋል። ባለዕዳችሁ ሲንገዳገድ ከፊሉን ልክፈል ካለም፣ ዋስ የሌላችሁ ከሆነ አትኩሩ። ሊጉ የናቀው 50 ሚሊዮን ከሁለት ዓመት የስካይ ክፍያ ይበልጥ ነበር።

ካርልተንና ግራናዳ በ2004 ተዋሕደው አይቲቪ የተባለውን ትልቅ ኩባንያ መሠረቱ። የተጎዱት ክለቦች ግን ዕዳቸውን ለዓመታት ቆጠሩ። ልዩነቱን ያመጣው አንድ ያልተፈረመ መስመር ነው። ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት የመጨረሻውን ገጽ ገልጣችሁ የዋሱ ስም መጻፉን እዩ።