"ታዛዥ ልጅ" ጥሩ ልጅ ነው?

ዛሬ ስለ መድኃኒት አላወራም።

እዚህ አሰላ፣ ከሳጉሬም ከቦቆጂም የሚመጡ እናቶች ልጃቸውን ሲያሞግሱልኝ መጀመሪያ የሚሉት "ዶክተር፣ ታዛዥ እኮ ነው!" ነው። ደስ ይላል። ግን መታዘዝ ብቻውን ጨዋነት ነው? እኔ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ1961 ስታንሊ ሚልግራም የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ተራ ሰዎችን ጠርቶ፣ በሌላ ክፍል ያለ ሰው በተሳሳተ ቁጥር በኤሌክትሪክ እንዲቀጡት አዘዘ። ኤሌክትሪኩ የውሸት ነው፤ እነሱ ግን አያውቁም። ከ40ዎቹ 26ቱ እያላባቸውና እየተንቀጠቀጡ እስከ መጨረሻው 450 ቮልት ሄዱ። ሚልግራም እንዳለው ጨካኝ ሆነው አይደለም፤ ኃላፊነቱን ለአዛዡ ስለሰጡ ነው።

ይሄ የፈረንጅ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ወጣቶችን ከየቤታቸው እያወጡ ከወሰዱት የቀበሌ አብዮት ጥበቃዎች ብዙዎቹ የሰፈር ሰዎች ነበሩ። "ከላይ የመጣ ትዕዛዝ ነው" የምትለዋን ቃል ዛሬም በየቢሮው እንሰማታለን።

እኔም ብያታለሁ። ኢንተርን ሳለሁ፣ ሌሊት ተረኛ ሆኜ፣ አንዲት እናት ትኩሳት ያቃጠለው ልጇን አዝላ መጣች። "ካርድ ያላወጣ እንዳይታይ" ተብለናል። ገንዘብ የላትም። ፊቷን ሳላይ "እህቴ፣ ትዕዛዝ ነው" አልኳት። አጠገቤ የነበረችው ሲስተር ግን "እኔስ አልችልም" ብላ ልጁን ተቀበለቻት። ያኔ ነው እኔም ከወንበሬ የተነሳሁት። ልጁ የሳንባ ምች ነበረበት።

የሲስተሯን ነገር ሚልግራምም አይቶታል። አብረው የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ሆን ተብሎ እምቢ እንዲሉ ሲደረግ፣ እስከ መጨረሻው የታዘዙት ከ40 ሰው 4 ብቻ ሆኑ። የሚቀጣውን ሰው እጅ ራሳቸው ይዘው እንዲያስነኩ ሲታዘዙ ደግሞ 12 ሆኑ። ስቃዩ ሲቀርብ መታዘዝ ይከብዳል ማለት ነው።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦

✅ ልጃችሁ "ለምን?" ሲል አትቆጡት፤ መልሱለት።
✅ ትዕዛዝ ስትፈጽሙ የሚጎዳውን ሰው ፊት እዩ።
✅ ልባችሁ እምቢ ካለ በአፋችሁም እምቢ በሉ። አጠገባችሁ ያለው ሰው የእናንተን ድምፅ እየጠበቀ ይሆናል።

"ታዝዤ ነው" ምክንያት ነው እንጂ ይቅርታ አይደለም። እኔ ያቺን እናት ይቅርታ ሳልጠይቃት ሄዳለች።