ቅቤውን አስቀምጡና ውሃ አፍስሱ

ልጅ ላይ የፈላ ሽሮ ሲደፋ ቤተሰቡ ይሯሯጣል። አንዱ የጥርስ ሳሙና ያመጣል፣ ሌላዋ ቅቤ፣ ጎረቤት እንቁላል ይዛ ትደርሳለች። ሊጥ የሚለጥፍም አለ። ውሃ ያነሳ ሰው ግን «ኧረ ውሃ አታስነካው፣ ይቋጥራል!» ብለው ይቆጡታል። ይህ ልማድ ልጆቻችንን እየጎዳ ነው፤ በፍቅር የሚደረግ መሆኑ ጉዳቱን አያቀለውም።

የፈላው ነገር ከቆዳ ላይ ስለተነሳ ብቻ ቃጠሎው አያቆምም። ሙቀቱ ሥጋ ውስጥ ቀርቶ ወደ ታች ይዘልቃል። የሚያበርደው ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ በረዶ ሳይሆን ተራ የቧንቧ ውሃ፣ ለ20 ደቂቃ የሚፈስ። ወዲያው ቢጀመር ይመረጣል፣ እስከ 3 ሰዓት ቢዘገይ እንኳ ይጠቅማል። የሚቋጥረውም ፈሳሽ ከላይ የፈሰሰው ውሃ አይደለም፤ ከተጎዳው ቆዳ ሥር ከገዛ ሰውነታችን የሚወጣ ነው። የቋጠረው ቦታም አይፈንዳ። ቅቤ በአንጻሩ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፣ ቁስሉንም ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ሐኪም ቤት ሲደረስ ደግሞ ባለሙያው የጉዳቱን ጥልቀት ለማየት ያን ሁሉ ቅባት ከተላጠ ቁስል ላይ መጥረግ ይኖርበታል። ልጁ ሁለተኛ ይሠቃያል።

«አያቶቻችን በዚሁ ነው ያሳደጉን» ይባላል። የጥርስ ሳሙና ግን ከሱቅ የመጣ እንጂ የአያት መድኃኒት አይደለም! ቅቤውም ቢሆን ያላገባብ ተመስግኗል፤ ላይ ላዩን የነካ ቃጠሎ ምንም ሳይቀቡት በሳምንት ገደማ ይድናል። ክፉው ቃጠሎ ሲመጣ ደግሞ «ብዙም አላመመውም» ተብሎ ይናቃል። የማያመው የስሜት ነርቮቹ አብረው ስለተቃጠሉ ነው። እጅ ወይም መገጣጠሚያ ላይ ሲሆን ጠባሳው ይኮማተርና ጣት አልዘረጋ፣ ክንድ አልታጠፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 180,000 ያህል ሰዎች በቃጠሎ እንደሚሞቱ ይገምታል፤ አብዛኞቹ እንደኛ ባሉ ሀገሮች ነው።

ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 20 ደቂቃ ውሃ ማፍሰስ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከጀሪካን በጣሳ እየቀዱ ማንቆርቆር ይቻላል። ሳያብጥ በፊት ቀለበትና አምባር ይውለቅ፣ የሕፃኑ ሌላ ገላ በብርድ ልብስ ይሸፈን፣ ከዚያ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ልል አድርጎ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ። ፊት፣ እጅ፣ ብልት ወይም መገጣጠሚያ ከሆነ፣ ወይም ከተጎጂው መዳፍ ከሰፋ፣ ቤት ውስጥ አይታከምም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ክትባትና መጸዳጃ ቤት ሊያስተምሩ በየቤቱ ይገባሉ። ያው ቤት ምድጃ አለው፣ ጀበና አለው፣ የሚድህ ልጅም አለው። ጤና ቢሮዎች ይህን ትምህርት ከዛሬ ጀምረው ይጨምሩላቸው።